የአባቴ ቀይ ቀበሮ

አባቴ ዋሽቶ አያውቅም ብዬ ሰው የመታሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። የተመታው ልጅ ኑሕ ይባላል፣ የመታሁት በእንጨት ማስመሪያ ነው፣ ጠባችን ደግሞ በቀይ ቀበሮ ምክንያት ነው። መምህራችን የአገራችንን ብርቅዬ የዱር እንስሳት ስታስተምረን እጄን አውጥቼ፣ «የኔ አባት ያደገው ከቀይ ቀበሮ ጋር ነው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ኑሕ ከኋላዬ ጠጋ ብሎ፣ «አባትሽ ውሸታም ነው» አለኝ። የቀረውን ማስመሪያው ጨረሰው።

አባቴ አምሐ ከጦር ኃይሎች ቀራንዮ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ዛሬም እዚያው መስመር ላይ ነው። ያኔ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነበር፤ መንገዱ በተዘጋጋ ቁጥር ተሳፋሪው እንዳይነጫነጭ ብሎ ወሬ ይጀምራል፣ ወሬው ከየትም ይነሳ ከየት ዞሮ ዞሮ መንዝ ይገባል። በልጅነቱ አያቱን ተከትሎ ጓሳ ተራራ ላይ ሳር ሊያጭድ ሲወጣ አንዲት ቀይ ቀበሮ ትከተለው እንደነበር ይተርካል። አንገቷ ሥር ነጭ ስላለባት ሻሼ ብሎ ሰየማት፤ በስሟ ሲጠራት ጆሮዋን ቀስራ ትቆማለች። «ወራጅ አለ!» እየተባለ ፌርማታውን የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ ሲደርስ ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋቢና ተቀምጬ ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አንድም ቀን ሰልችቶኝ አያውቅም።

«ወላጅ አምጪ» ተባልኩ። አባቴ ሥራውን አቋርጦ መጣ። መምህሯ የሆነውን ሁሉ ነገረችው፣ ኑሕም ግንባሩ ላይ ያበጠውን አሳየው። አባቴ ኑሕን ይቅርታ ጠይቆ ከረሜላ ገዛለት፤ እኔ በዚህ በጣም ተናደድኩ። ስንመለስ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ደጃፍ ላይ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ሌላ ጊዜ መሪውን እንደያዘ አማትቦ ነው የሚያልፈው፤ የዚያን ቀን ግን ግንባሩን ግንቡ ላይ አስደግፎ ቆየ። ለኑሕ ግንባር የሚጸልይ መሰለኝ። ተመልሶ ሲገባ፣ «ለፋሲካ ጓሳ እወስድሻለሁ፤ ቀይ ቀበሮን በዓይንሽ በብረቱ ታያለሽ» አለኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ሰፈራችን ኮልፌ ውስጥ ደስታን ለብቻ መያዝ አይቻልም። በማግስቱ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግሬ ጨርሼ ነበር። አጥር የሚያዋስነን ፍራሽ ሰፊው ጋሽ መዝገቡ መርፌውን ኮቱ ላይ ሰክቶ መጣ። «ይቺን ቀበሮ አሥር ዓመት ሙሉ በጆሮዬ ነድተህብኛል» አለው አባቴን፤ «አሁን ካላየኋት አልሞትም። እኔም እሄዳለሁ!» እናቴን ክርስትና ያነሷት እትዬ ወለተጻድቅ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የጎጃም ሴት፣ በበኩላቸው «እኔን ጥላችሁ?» አሉ፤ እሳቸው ይህን ካሉ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። አባቴ ሁሉንም እሺ አለ። እሺ ባለ ቁጥር ላብ ላብ ሲለው አይቻለሁ፣ የመኪናውን ክብደት የሚያሰላ መስሎኝ ነበር።

የፋሲካ ማግስት ጎህ ሲቀድ አባቴ ታፔላውን አውርዶ መስታወቱን ሲወለውል እናቴ እፀገነት ወደ እሱ ጠጋ አለች። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልዬ እሰማለሁ።

«እንዴት ልታደርግ ነው?»

«እጠይቃለሁ።»

«ማንን?»

«የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።»

«ባይሆንስ? ልጅቷ እንዲህ አምናህ ይዘሃት ሄደህ?»

«እንግዲህ እግዜር ያውቃል፣ እፀገነት።»

ስለ ነዳጅ የሚያወሩ መሰለኝ። መንገድ ላይ ማደያ ይኖር ይሆን አይኖር ይሆን ብዬ እኔም አብሬ ተጨነቅሁ።

አሁን የማውቀውን ልንገራችሁ። አባቴ የተወለደው ኮልፌ ነው፤ ያደገውም፣ የተማረውም፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣውም እዚሁ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለሆነ ጉዳይ የቀበሌ መታወቂያውን ፎቶ ኮፒ ሳስደርግ የትውልድ ቦታ በሚለው ላይ አይቼ ደንግጬ እናቴን ጠየቅኳት፤ እሷም ወንበር ስባ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ። ጓሳን የሚያውቀው አያቴ ወልደጊዮርጊስ ነው። ቀበሮዋን ያየውም፣ ሻሼ ብሎ የሰየማትም እሱ ነው። አያቴ ሲሞት አባቴ ታሪኩን አላስችል ብሎት ወረሰው፤ መጀመሪያ «አባቴ» እያለ ነበር የሚያወራው፣ ከዚያ የሆነ ቀን፣ ከጦር ኃይሎች ሲነሳ ይሁን ቀራንዮ ሲደርስ አይታወቅም፣ «እኔ» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ማን ይመልሰዋል። ያን ማለዳ እንግዲህ አባቴ ልጁን፣ ሚስቱን፣ አንድ ተረበኛ ጎረቤትና አንዲት አሮጊት ጭኖ፣ ረግጦት ወደማያውቅ ተራራ፣ አይቶት የማያውቅ አውሬ ሊያሳይ ነዳ።

መንገዱ ግን የደስታ ነበር። መኪናው ውስጥ የዶሮ ወጥ ሽታ፣ የእትዬ ወለተጻድቅ ድፎ ዳቦ ሽታና የጋሽ መዝገቡ ካልሲ ሽታ አብረው ይጓዛሉ። ጋሽ መዝገቡ ጋራ ባየ ቁጥር፣ «አምሐ፣ ይሄስ ማን ይባላል?» ይላል። አባቴ ሳያመነታ ስም ይሰጠዋል። እኔ ስሞቹን በደብተር መዘገብኩ፤ ደብረ ብርሃንን ሳናልፍ ሃያ ሦስት ደርሰው ነበር። አሁን በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንድ የመንዝ ልጅ አብሮኝ ይሠራል። ደብተሩን ባሳየው ከሃያ ሦስቱ አንዱም የተራራ ስም አይደለም፣ «አብዛኞቹ የኮልፌ ሱቆች ናቸው» ብሎኛል። እናቴ በየስሙ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጣርማበር ላይ ጉሙ መኪናችንን ሲውጣት ብርዱ የጠናባት መስሎኝ ብርድ ልብሴን ደረብኩላት።

ከሰዓት በኋላ ጓሳ ደረስን። እንዲህ ያለ ሰፊ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። ሳሩ እስከ ሰማይ ጠርዝ ድረስ ይሄዳል፣ ነፋሱ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይተኛና አንድ ላይ ይነሳል፤ መሃል መሃሉ ላይ ጅባራ ብቻውን ቆሟል። አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን እንደያዘ ቀረ። «የልጅነት አገሩ ናፍቆት ነው» አልኩ በልቤ።

የአካባቢው ጠባቂ ወፍራም የሱፍ በርኖስ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ፣ አንገቱ ላይ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አንጠልጥሎ መጣ። የኔሰው ይባላል። አባቴ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ ወደ ጎን ወሰደው። በመስኮት አያቸዋለሁ፤ አባቴ የሰውየውን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ዝቅ ብሎ ያወራል፣ የኔሰው መጀመሪያ ግንባሩን ቋጠረ፣ ቀጥሎ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መሬት አየ። «የልጅነት ጓደኛው ነው! አወቀው!» ብዬ ለእናቴ ጮህኩ። እናቴ «ሊሆን ይችላል» ብላ እሷም ወረደች።

ያን ጊዜ የተባባሉትን የነገረችኝ እሷ ናት። አባቴ፣ «ወንድሜ፣ አንተ አሳየኝና እኔ ላሳያቸው፤ ልጄ ፊት አታዋርደኝ» ነው ያለው። የኔሰው ደግሞ፣ «ለማንም አልዋሽም። ግን ካልጠየቁኝ አልናገርም» አለው። «ዱላዬን እያየህ ሁን። ወደ ግራ ትከሻዬ ካዞርኳት ጭላዳ አለ፤ ወደ ቀኝ ካዞርኳት ቀበሮዋ ታይታለች። እሷ ግን በኔ ትእዛዝ አትመጣም፣ ይህን ልብ በል።»

ከዚያ እኛን ሁላችንን ሰብስቦ የቦታውን ሥርዓት ነገረን። «ይህ ሳር ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ በአገሩ ሕዝብ ስምምነት ሲዘጋና ሲከፈት የኖረ ነው፤ እኛም ባለተራ ጠባቂዎች ነን። እዚህ ጩኸት የለም። ከመንገዱ ወጥቶ አውሬውን መከተል የለም፤ እሱ ከቀረበ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ምግብ ደግሞ ለአንዱም አይሰጥም።» አባቴ በየቃሉ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ሰውየው ትምህርቱን በትክክል መያዙን የሚቆጣጠር መስሎኝ በአባቴ ኮራሁ።

ብዙም ሳንራመድ የኔሰው ዱላውን ወደ ግራ ትከሻው አዞረ። አባቴ ወዲያው ጣቱን ቀስሮ፣ «እዚያ ጋ!» አለ በሹክሹክታ። እውነትም ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፋፍ ላይ ተሰማርተው ነበር። መቶ ይሆናሉ። በመቀመጫቸው ላይ ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ሳር እየነጩ ይበላሉ፣ የመንጨታቸው ድምፅ ጭር ባለው ሜዳ ላይ ቅርብ ሆኖ ይሰማል። ትልልቆቹ ወንዶች ጎፈራቸው በነፋስ ይበተናል፣ ደረታቸው ላይ ቀይ ሥጋ አለ። አንዷ ግልገሏን ጀርባዋ ላይ ጭና አጠገባችን ስታልፍ መኖራችንን ከምንም አልቆጠረችውም። ጋሽ መዝገቡ፣ «አምሐ፣ እንዴት ቀድመህ አየኸው በናትህ?» ብሎ ጠየቀው፤ አባቴ «ለምጄው ነዋ» አለ። የኔሰው ግራ ትከሻው ላይ ሕመም እንዳለበት ለእናቴ ነገርኳት፣ ቅባት ነገር ካላት እንድትሰጠው።

እትዬ ወለተጻድቅ በዚህ መሃል የመሶብ ክዳን የሚያህለውን ድፎአቸውን ከጨርቁ ፈትተው እየቆረሱ ወደ ጭላዳዎቹ ሊሄዱ ተነሱ። የኔሰው ፊታቸው ቆመ።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አይሆንም።»

«ምኑ ነው የማይሆነው? በሰው አገር ባዶ እጅ ይመጣል እንዴ ልጄ? የአገሩ ባለቤቶች እነሱ አይደሉም?»

«ናቸው። ግን ዳቦ የቀመሰ ጭላዳ ሳር አይጥመውም። ነገ ዳቦ ፍለጋ የገበሬ ጓሮ ይገባል፣ ገበሬውም በድንጋይ ይለዋል። አክብረው ያመጡት ነገር እሱን ያስገድለዋል።»

«የኔ ዳቦ ይገድላል?»

እትዬ ወለተጻድቅ ዳቧቸው የተመለሰባቸው በሕይወታቸው የመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። የኔሰው ዱላውን መሬት ላይ አስቀምጦ ባርኔጣውን አወለቀና ሁለት እጁን ዘረጋ። «ለኔ ቢሰጡኝ ግን አይገድለኝም። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ ጓደኞቼም እንዲሁ።» እሳቸውም ትንሽ አኩርፈው አዩትና ሳቃቸው አመለጣቸው። ዳቦው ለጠባቂዎቹ ሁሉ ተቆረሰ፤ ማታ ባደርንበት የእንግዳ ማረፊያ የኔሰው ልጆቹን አምጥቶ በእሳቸው አስመረቃቸው። እትዬ ወለተጻድቅ እስከዛሬ ጓሳ ሲባል ጭላዳውን አያነሱም፤ ዳቧቸውን እንዴት እንደበሉላቸው ነው የሚያወሩት።

በማግስቱ ማለዳ ለቀበሮዋ ወጣን። ሳሩ ላይ ውርጭ ነበር። የኔሰው ከአንድ ቋጥኝ ሥር አስቀመጠንና ዝም እንድንል ነገረን። ዝም አልን። ፀሐይ ወጣች፣ ውርጩ ቀለጠ፣ መቀመጫችን ረጠበ። አይጦች ከጉድጓዳቸው ብቅ እያሉ ያዩናል፣ ጭልፊት ከላያችን ይዞራል። ቀበሮ ግን የለም። አባቴ የኔሰው ቀኝ ትከሻ ላይ አፍጥጦ ቀረ፤ በርኖሱን ወዶት ይሆናል ብዬ እናቴ እንድትገዛለት ልነግራት አሰብኩ። ሁለት ሰዓት አለፈ። ዛሬ ካልታየች ማምሻውን ወደ አዲስ አበባ ተመላሾች ነን፣ አባቴ ነገ ሥራ አለበት።

ጋሽ መዝገቡ መቁነጥነጥ ጀመረ። «ቀበሮ አለኝ በሰማይ፣ ጭራዋንም አላይ» አለ።

«ትመጣለች» አለ አባቴ።

«አሥር ዓመት ሙሉ ስትመጣ ነበር እኮ!» ብሎ ጋሽ መዝገቡ ከጎኑ ፌስታል አወጣ። ከፋሲካው በግ የተረፈ፣ ለጥብስ ብሎ የያዘው የጎድን ሥጋ ነው። «በል ይቺን ከዚያ ቋጥኝ ማዶ ጣል አድርጋት። ሽታው ራሱ ይጠራታል።» ፌስታሉን አባቴ እጅ ላይ አኖረው።

እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። «አዎ አባዬ! ጣልላት! ደግሞ በስሟ ጥራት! ሻሼ በላት፣ አንተን ከሰማች ትመጣለች!»

የኔሰው ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ብትጥለው ምናልባት ትመጣለች» አለው። «ግን ሥጋ የለመደች ቀበሮ ሰፈር ትወርዳለች፤ ሰፈር ውሻ አለ። የውሻ በሽታ ከያዛት ይዛ ተመልሳ ቤተሰቧን ሁሉ ትጨርሳለች። በሌላ ተራራ እንዲህ ሆኖ ስንቱ አልቋል። እኔ ደግሞ ያለችኝ እሷ ናት።»

አባቴ ፌስታሉን ይዞ ቆመ። ወደ ማዶው ቋጥኝ አየ፣ ወደ የኔሰው አየ፣ ወደ እኔ አየ። እኔ በሁለት እግሬ እየነጠርኩ ነበር። ቢጥለው ኖሮ ማስመሪያዬም፣ የቅዳሜዎቹ ታሪክም፣ እሱም እንደነበሩ ይቀጥሉልኝ ነበር፤ ያን ሁሉ በአንድ የእጅ ውርወራ ማዳን ይችል ነበር። ፌስታሉን ቋጥሮ ለጋሽ መዝገቡ መለሰለት። ከዚያ ፊቴ ተንበርክኮ ትከሻዬን ያዘ።

«ቤቲ፣ ልጠራት አልችልም። ሻሼ የአያትሽ ቀበሮ ናት። እኔ በሕይወቴ ቀይ ቀበሮ አይቼ አላውቅም። እዚህ አገርም የመጣሁት ትናንት ከእናንተ ጋር ነው። የተወለድኩት ኮልፌ ነው። ዋሽቻችኋለሁ።»

ፊቱን አየሁት፤ ኮስተር ብሏል። አባቴ ኮስተር የሚለው ደግሞ ሲቀልድ ነው። መኪና ሞልቶ ሳለ ልክ በዚህ ፊት «ነዳጅ ጨርሻለሁ፣ ወርዳችሁ ግፉ» ብሎ ስንቱን አስወርዷል! እኔ የማውቀውን ቀልድ ጋሽ መዝገቡ እንዳይቀድመኝ ብዬ ፈነዳሁ። በሳቅ ሳሩ ላይ ተንከባለልኩ። «ኮልፌ ተወለድኩ አለ! አባዬ ኮልፌ!» ጋሽ መዝገቡ አፉን ከፍቶ አንዴ አባቴን አንዴ እኔን አየና ጭኑን መትቶ ተከተለኝ። «አይ አምሐ! ልትገድለን ነው!» እትዬ ወለተጻድቅ፣ «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» አሉ፤ ዳቦው በማለቁ የተቆጩ መስሎኝ ይበልጥ ሳቅሁ። የኔሰው «ዝም በሉ፣ ዝም በሉ» እያለ ራሱ አፉን በበርኖሱ ይዟል። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። ነጠላዋን አውልቃ አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት። በርዶት ነው አልኩ።

ጋሽ መዝገቡን ባለፈው ጠይቄዋለሁ። «ወዲያው ገባኝ» አለኝ። «እንዴት ልዘባበትበት እያልኩ ስዘጋጅ አንቺ ሳቅሽ። እንዲያ የሚስቅ ልጅ ሳቅ ላይ ውኃ ይቸለሳል? እኔም አብሬ ሳቅኩ።»

ሳቁ በረደ። ሁላችንም ደክሞን ተቀመጥን፣ እትዬ ወለተጻድቅም አንቀላፉ። አባቴ ጉልበቱን አቅፎ ወደ መሬት አቀርቅሮ ነበር። የኔሰውን ትከሻ ማየት ትቷል። አንድ ሰዓት ያህል እንዲሁ ሆነን ቆየን። እኔ ሳሩን እያየሁ ሳለ ሳሩ ውስጥ አንድ ነገር ቀላ። መጀመሪያ ጆሮ ነው ያየሁት፣ ሁለት ሹል ጆሮ። ከዚያ ረጃጅም እግሮች፣ ከዚያ ነጭ አንገት። ከኛ ሠላሳ እርምጃ አይርቅም። የኔሰው ዱላውን ቀስ አድርጎ ወደ ቀኝ ትከሻው አዞረ፣ አባቴ ግን አላየውም።

መጮህ እንደሌለብኝ አውቅ ነበር። እንዴት እንደቻልኩት እስከዛሬ ይገርመኛል። በደረቴ ተስቤ ሄጄ አባቴን በጣቴ ነካሁትና አገጩን ይዤ ወደዚያ አዞርኩት።

ቀበሮዋ አንድ እግሯን አንስታ ቆማ የሳሩን ሥር ታዳምጣለች። ፀጉሯ በፀሐዩ ደምቆ ቀልቷል፣ የጭራዋ ጫፍ ጥቁር ነው። ድንገት በአራት እግሯ ወደ ላይ ተነሳችና አፍንጫዋን ሳሩ ውስጥ ቀበረች። አይጧን ይዛ ቀና ስትል ወደኛ አየች። ጋሽ መዝገቡ ካሜራ ያለው ስልኩ እጁ ላይ ነበር፣ ማንሳቱን ረሳው። ማናችንም አልተንቀሳቀስንም። እንደሷ ፈቃድ አየችንና እንደሷ ፈቃድ፣ ሳትሮጥ፣ በጓሳው ሳር መሃል ሄደች።

የአባቴ እጅ እጄን እስኪያመኝ ጨብጦት ነበር። ቀና ብዬ ሳየው እንባው በጉንጩ ይወርዳል። የጓሳ ነፋስ ዓይን ያስለቅሳል፣ የኔሰውም ማለዳ ነግሮን ነበር።

«አባዬ፣ ሻሼ ናት?» አልኩት በጆሮው።

«አይደለችም» አለኝ፤ «ከዚህችኛዋ ጋር ገና አሁን መተዋወቃችን ነው።»

የሻሼ ልጅ ናት ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ትምህርት ቤት ስመለስ ለኑሕ እንዲሁ ነገርኩት። «በስሟ ጠራት?» አለኝ። «መጥራት ክልክል ነው፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው» አልኩት በታላቅ ኩራት። ኑሕ ያን ጊዜ አመነኝ፤ ከከረሜላው የተረፈውንም አካፈለኝ።

ባለፈው ወር ከሥራ ስወጣ ጦር ኃይሎች ላይ የአባቴን መኪና አገኘሁና ጋቢና ገባሁ። መንገዱ ዝግት ብሏል። አባቴ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው እያወራ ነበር፤ ከጓሳ ጉዞ ወዲህ ወሬው ተለውጧል። ሻሼን ለአያቴ መልሶለታል። የሚያወራው በሠላሳ አምስት ዓመቱ ስላያት ቀበሮ ነው። «ያሳየችኝ ደግሞ ይቺ ልጄ ናት» ብሎ በአገጩ ጠቆመኝ። ተሳፋሪው ፈገግ ብሎ አየኝ፤ እንዳላመነ ያስታውቃል። ሰውየው እስኪወርድ ጠበቅሁና ለሁለት ዓመት ያፈንኩትን ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ኮልፌ መወለድህን አውቄያለሁ። ያን ቀን ስስቅብህ ለምን ዝም አልከኝ?»

አልደነገጠም። ከፊታችን ያለው አውቶብስ ትንሽ ሲንቀሳቀስ እሱም ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «ማን ዝም አለ?» አለኝ። «ስንመለስ መኪና ውስጥ ነገርኩሽ፤ ሳቅሽ። በሳምንቱ ነገርኩሽ፤ እናትሽን ጠርተሽ ‹ያን ቀልድ ድገምላት› አልሽኝ። አሥር ዓመት ስዋሽ አምናችሁኝ፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር ሳቃችሁብኝ። ከዚያ በላይ ምን ላድርግ?»

እጄን መሪው ላይ ባለው እጁ ላይ አሳረፍኩ። «ቀይ ቀበሮ አይቼ አላውቅም ያልከኝን አሁን አምኜሃለሁ» አልኩት።

«አሁንማ ምን ዋጋ አለው» አለ ማርሽ እያስገባ። «ያችን እውነት አንቺ ራስሽ ነሽ ያፈረስሽብኝ። በተናገርኩ በአንድ ሰዓቱ ቀበሮዋን አሳየሽኝ።»